ሪባኑ እስኪቆረጥ ትክትክ ይታገሥልን

ለክቡር ፊታውራሪ ሀብተሥላሴ፣
የሰፈራችን አዲስ ጤና ጣቢያ የምረቃ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ

መጋቢት ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ክቡር ፊታውራሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? እመቤቲቱ፣ ልጆችዎና የልጅ ልጆችዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? ጉሮሯቸውስ? ደረታቸውስ? ስለ ጉሮሮና ስለ ደረት ለይቼ መጠየቄ ድፍረት ቢመስልም፣ በእኛ ሰፈር ከጥር ወዲህ ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ የሚጠያየቀው ስለ እነዚህ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። አምላክ ሳልን ከክቡርነትዎ ደጃፍ ያርቅልን። ከእኛም ደጃፍ ቢያርቅልን ባልጠላን፤ ግን እሱም እንደ ሌላው ነገር ተራ ሳይኖረው አይቀርም።

እኔ ገብረአምላክ እባላለሁ። በኮልፌ ገበያ ፍራሽና ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። የሰፈራችን እድር የዕቃ ቤት ኃላፊም ነኝ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች በእኔ እጅ ናቸው ማለት ነው። ድንኳኑን ያውቁታል፤ አሁንም እርስዎ ዘንድ ነው ያለው። ይህን የምጽፍልዎ ግን የሚስኪ አባት ሆኜ ነው። ሚስኪ ገና ጡት ያልጣለች ልጄ ናት። የትክትክን ክትባት አንድ ጊዜ ተወግታለች፣ የሁለተኛው ጊዜ ሊደርስ ነው፣ መድኃኒቱ ደግሞ እርስዎ ካሳሰሩት ሪባን በስተጀርባ ተቀምጧል። የደብዳቤዬ ጉዳይ ይኸው ነው፤ የቀረው ምስጋና ነው። ምስጋናውም እንዳይደበላለቅብዎ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ስለ ሕንፃው እናመሰግናለን። ድንጋዩን በጀርባችን ብንሸከመውም፣ አሸዋውን ሚስቶቻችን ቢያመላልሱትም፣ ክቡርነትዎ ጥላ ተይዞልዎ ከሥር ቆመው «በርቱ» ባይሉን ኖሮ ግድግዳው እንደማይቆም ሁላችንም እናምናለን። ቤቱ አምና ክረምት ሳይገባ አለቀ። ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ኖራው ዓይን ይወጋል። በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ገባለት፤ በማቀዝቀዣውም ውስጥ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍንና ያንን ጉሮሮ የሚዘጋውን በሽታ ባንድነት የሚከላከል ክትባት ተደረደረ። ሲስተር የሺእመቤት የምትባል ነርስም ተመደበችለት። ነገር የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ቤቱም መድኃኒቱም ባለሙያውም ከተሟሉ በኋላ በሩን ከፍቶ «ግቡ» ይል ነበር። ክቡርነትዎ ግን በሩ ላይ ባለሦስት ቀለም ሪባን አሳሰሩ፣ ቁልፉን ኪስዎ ከተቱ፣ ታላቁ እንግዳ መጥተው መርቀው ሳይከፍቱት እግር እንዳይገባበት አዘዙ። ሲስተር የሺእመቤትም በየማለዳው ነጭ ቆቧን ደፍታ ትመጣና ከሪባኑ በታች ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ልጅ ያዘለች ሴት ስትመጣ «ገና አልተመረቀም፣ እናቴ» ብላ ትመልሳለች፤ ስትናገር መሬት መሬት ነው የምታየው። ዘበኛው ብቻ በጓሮ በር እየገባ ማቀዝቀዣው ላይ ላምባ ይሞላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ክረምት ከበጋ ሳይሞቀው፣ ሳይጎድልበት ከርሟል። በኮልፌ እንደ እሱ የተመቸው አልነበረም።

፪ኛ. ስለ ቀጠሮው እናመሰግናለን፤ ትዕግሥትን አስተምሮናል። መጀመሪያ ከመስቀል በኋላ ተባለ፤ ታላቁ እንግዳ ወደ ውጭ አገር ሄዱ። ቀጥሎ ኅዳር ተባለ፤ ያለ ወቅቱ ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ መኪናቸው ይበላሻል ተባለ። (በዚያ ጭቃ ላይ እርጉዞች ሲንሸራተቱ ማንም አላሰበው፤ እርጉዝ ጎማ የላትምና።) ከዚያ ጥር ተባለ፤ ለካ በበሩ አጠገብ በሚተከለው የምረቃ እብነ በረድ ላይ የተቀረጸው ወር ኅዳር ኖሯል፤ ጠራቢው ኅዳርን ፍቆ እስኪጨርስ ጥርም አለፈ። በመጨረሻ የቅበላ ሰሞን እንዲሆን ተቆረጠ፤ ሰንጋው ታሰረ፣ ጠጁ ተጣለ፣ የእድራችንም ድንኳን በጤና ጣቢያው ግቢ ተተከለ። በዋዜማው ታላቁ እንግዳ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት እንዳይወጡ መከልከላቸው ተነገረን። እግዚአብሔር ይማራቸው። ለጤና ጣቢያ ምረቃ መምጣት ያልቻለ በሽተኛ የት ሄዶ እንደሚታከም ግን ማሰቤ አልቀረም።

ጉንፋኑ ሲለቃቸው ደግሞ ሁዳዴ ገባ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ፣ በጾም ሥጋ መቁረጥ ስለማይቻልና የሽሮ ምረቃ ለእንደዚህ ያለ እንግዳ ስለማይመጥን፣ በዓሉ ለዳግማይ ትንሣኤ እንዲተላለፍ ወሰነ። እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፤ ቢሆንም ጥርጣሬ እንዳይቀርብኝ የነፍስ አባቴን ሄጄ ጠየቅኋቸው። መርፌ ቅቤ የለበትም፣ ጾምም አያስገድፍም፣ ለዚያውም ጡት የሚጠባ ሕፃን ጾም የለበትም አሉኝ። እኝህ አባት በኮሚቴው ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ እያልኩ ስቆጭ እኖራለሁ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ ነበር፤ ክቡርነትዎ ቅጠሉን አስመጥተው ሙክት እስኪደልብለት በሪባን አሰሩት።

፫ኛ. ስለ መዝሙሩ እናመሰግናለን። ከጥር ጀምሮ የሰፈሩን ሕፃናት በየማለዳው በጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ አሰልፈው፣ ትከሻ ለትከሻ አጣብቀው፣ ለታላቁ እንግዳ «እንኳን ደኅና መጡ የጤናችን አባት» የሚለውን አስጠንተዋቸዋል። የኮልፌን የማለዳ ብርድ ያውቁታል፤ ከእንጦጦ በኩል ሲወርድ ጆሮ ይቆርጣል። መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳለ። ከዚያ የጎኑ። አስተማሪያቸውም መዝሙሩ እንዳይቋረጥ «ድምፅ ከፍ! አፍ ከፈት!» እያሉ ያተጓቸው ነበር፤ እነሱም ታዛዦች ናቸውና አፋቸውን ከፍተው እርስ በርሳቸው ተሳሳሉ። ወደ ኋላ ገደማ ከመዝሙሩ ሳሉ በዝቶ፣ «የጤናችን አባት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግማሾቹ ደረጃው ሥር ጎንበስ ብለው የሚያስታውኩ ሆኑ። ትክትክ ነበር። ከዚያ ልምምድ ወጥተው ቤታቸው ሲገቡ የሚተኙት፣ ፍራሹን ራሴ ሸጬላቸዋለሁና አውቀዋለሁ፣ ከሕፃን ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ነው። ይኸውልዎ፣ ለጤና የተዘጋጀው በዓል በሽታውን ቤት ለቤት አደለልን። ኮሚቴው እንዲህ ያለ ማዳረስ በክትባቱ ቢያሳይ ኖሮ ዛሬ ወረቀት ባላበላሸሁ ነበር።

፬ኛ. ስለ ዝናችንም እናመሰግናለን። በር ቢዘጋብን ሕፃናቶቻችንን አዝለን ከጦር ኃይሎች አውቶቡስ ይዘን ከተማ ወጣን፤ ሳል ያለበትን ልጅ ሰው እንዳያየውም ሴቶቹ በነጠላ ሸፍነውት ነበር። ክትባት ከሚሰጥበት ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ ጸሐፊው ከየት እንደመጣን ጠየቀን። ኮልፌ አልነው። ሳቀና «ኮልፌማ አዲስ ጤና ጣቢያ ተከፍቶላችሁ የለም እንዴ? የናንተ ድርሻ ወደዚያው ተልኳል» አለን። እኔ ስለ ሪባኑ ላስረዳው ስሞክር፣ ባለቤቴ ሰርኬ ክንዴን ጎትታ «ተወው፣ ማን ያምንሃል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም ራሴ እያየሁት አላምነውም ነበር።

፭ኛ. አሁን ስለ አህያዋ። ከመናገሻ በኩል እንጨት ጭነው ወደ ገበያችን የሚመጡ አቶ ቡልቻ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ከአህዮቻቸው አንዷ በቅርቡ ወልዳ ነበር። ለትክትክ የአህያ ወተት ነው የሚባለውን ክቡርነትዎም ከአያትዎ ሳይሰሙ አልቀሩም። እናቶቹ ይህን በሰሙ ማግስት ኩባያ ኩባያቸውን ይዘው ከአህያዋ ፊት ተሰለፉ። አቶ ቡልቻ ሸክሟን አውርደው፣ ውርንጭላዋን በአንድ እጃቸው ከልክለው፣ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ አለቡላቸው። አህያዋ እንግዳ አልጠበቀች፣ መዝሙር አላስጠናች፣ ጾም ነው አላለች። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ አህያዋ ራሷ ግን፣ ማስጣሉን እንኳ ባትችል፣ ሞክራልናለች። ሲስተር የሺእመቤት ከደረጃዋ ሆና ሰልፉን ታየው ነበር። ወተቱ እንደማይፈይድ ታውቃለች፤ ከእጁ የሚሰጠው የሌለው ሰው ግን ምን ብሎ ይከለክላል? 

፮ኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ይህኛው ግን በቁጥር አልቀመጥ አለኝ።

ከሰልፉ ፊት የቆመችው ጎረቤቴ ገበያነሽ ነበረች። ግድግዳችን አንድ ነው። ባሏ ነገሬ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ያንን ኅዳርን የፋቀው እሱ ነው። ትልቋ ልጃቸው ዋጋነሽ ከመዘምራኑ መካከል ነበረችና ሳሉን ይዛ ገባች። እሷስ ጠንካራ ናት፤ ስትስል ቆይታ ትንፋሿን ስትስብ እንደ አውራ ዶሮ ትጮሃለች እንጂ ትመለሳለች። ወንድሟ ጫላ ግን ገና ክርስትና የተነሣ ሰሞን ልጅ ነው። እሱ መጮኹንም አልቻለበት፤ ዝም ብሎ ፊቱ ይጠቁራል። ገበያነሽ ዘቅዝቃ ጀርባውን ስትመታው፣ ስታርገበግበው፣ «ና፣ የኔ ጌታ፣ ና» ስትል በግድግዳው በኩል እንሰማለን። ከዚያ እሱ ሲመለስ እኛም እንተነፍሳለን። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ «ና» ስትል ሰማናት፣ ደጋግማ ስትል ሰማናት፣ ከዚያ ምንም አልሰማንም። ሰርኬ ሚስኪን እኔ ላይ ጥላብኝ ሮጠች።

ፊታውራሪ፣ ያ መድኃኒት ከዚያ ቤት በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ በላምባ እየቀዘቀዘ ነበር።

ለሕፃን ድንኳን አይተከልም፤ ደንባችን እንደዚያ ነው። የነገሬ ቤት ግን አንድ ክፍል ናት፣ የበልግ ዝናብም ወረደ፣ ለቀስተኛው መግቢያ አጣ። ድንኳኑን ለማምጣት ሰው ብልክ፣ ድንኳኑ ለምረቃ የተተከለ ስለሆነ ከኮሚቴው ፈቃድ ውጭ አይነቀልም ተብሎ ተመለሰ። እንግዲህ ድንኳኑ ወደ ለቅሶው ካልመጣ ለቅሶው ወደ ድንኳኑ ይሂዳ ብዬ፣ ነገሬንና ገበያነሽን ከነለቀስተኛው ወስጄ በጤና ጣቢያው ግቢ አስቀመጥኳቸው። ለታላቁ እንግዳ ከተደረደሩት ወንበሮች ፊተኞቹ ላይ ተቀመጡ። ድንኳኑ ክቡርነትዎ እንዳዘዙት አፉን ወደ ሪባኑ ነበረና፣ ገበያነሽ ቀና ባለች ቁጥር የሚታያት እሱ ነበር።

በሣልስቱ ዕለት ተነሣች። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር አየር ልትቀበል መስሎን መንገድ ለቀቅንላት። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ደረጃውን ወጣች፣ የሪባኑን ቋጠሮ ቀስ ብላ ልትፈታ ሞከረች፣ እምቢ ሲላት ጎንበስ ብላ በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ አጣጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።  ዘበኛው በጓሮ ዞሮ በሩን ከውስጥ ከፈተው። ሲስተር የሺእመቤት ገብታ እጇን ታጠበች። ልታስተዛዝን የመጣችው ሴት ሁሉ ወደ የቤቷ በረረች፤ ትንሽ ቆይቶ ከለቅሶው ይልቅ የተወጋ ሕፃን ጩኸት በዛ። ሚስኪም ተወግታ ግቢው እስኪሰማ ድረስ ጮኸች። በለቅሶ ቤት ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያን ቀን ደስ አለኝ፣ ከነገሬ ፊት መሆኑን ሳስታውስ ግን አፈርኩ።

እና ጤና ጣቢያው ተመርቋል፣ ክቡር ፊታውራሪ። እኔ ሌላ ምረቃ አላውቅም።

፯ኛ. ወደ ቁጥሬ ልመለስ፤ የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ቆራጥነትዎ ነው። ያን ያህል ወር ቀጠሮ ሲጎተት የከረመው ኮሚቴ፣ ሪባኑ ተቆረጠ ሲባል በማግስቱ ከች አለ! ክቡርነትዎ አዲስ ሪባን አሰሩ፤ ከፊተኛው ሰፋ ያለ ነው፣ ያምራል። በጓሮው በር ላይ መቆለፊያ አደረጉ። ዘበኛውን አባረሩ። ገበያነሽም «የምረቃ ሪባን ያለ ሥልጣን በመበጠስ የታላቅ እንግዳ ክብር ነክታለች» ተብላ መጥሪያ ታዘዘባት። ልጇን የቀበረችበት አፈር ሳይደርቅ! እንግዲህ የተማረ ሰው ያስረዳኝ፤ ክብር የሚነካው ሪባን ሲቆረጥ ነው ወይስ ልጅ ሲቀበር? እስከዚህ ድረስ ጨዋ ልሆን የቻልኩትን ያህል ሆኛለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ብዕሬን ጥዬ ደጅ ደርሼ ተመለስኩ።

ይህ ክትባት አንዴ ተወግተው የሚገላገሉት አይደለም። በየወሩ ተደግሞ፣ ተሠልሶ ነው የሚጸናው፤ ሲስተር የሺእመቤት ይህን ለእያንዳንዷ እናት ነግራታለች። ሁለተኛው ቀን ሊደርስ ነው፤ ፋሲካ ገና ነው። ከዚህም የባሰ አለ። ማቀዝቀዣው ላይ ላምባ የሚሞላው የተባረረው ዘበኛ ነበር፤ አሁን በሁለቱም በር የሚገባ የለም። ላምባው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይሞቃል፣ የሞቀ መድኃኒት ደግሞ ውኃ ማለት ነው። እንግዲህ ታላቁ እንግዳ በዳግማይ ትንሣኤ መቀሱን ተቀብለው፣ ሪባኑን ቆርጠው፣ ተጨብጭቦላቸው ሲገቡ የሚመርቁት የተበላሸ ብልቃጥ ነው። ልጄም በዚያ ትወጋለች፣ እኔም ተከተበች ብዬ ተኝቼ አድራለሁ። ፊታውራሪ፣ እፈራለሁ። በግድግዳው ማዶ ዋጋነሽ አሁንም ትስላለች፤ እሷ በሳለች ቁጥር እኔ የሚስኪን ፊት አያለሁ።

ስለዚህ ለክብርዎም ለእኛም የሚበጅ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሪባኑ ይቆይ፤ ማንም አይነካውም፣ ከፈለጉ እኔ ራሴ ጥላ ይዤ እጠብቀዋለሁ። የጓሮውን መቆለፊያ ብቻ ይክፈቱልን። ዘበኛው ላምባውን ይሙላ፣ ሲስተር የሺእመቤት ሥራዋን ትሥራ፣ እኛ በጓሮ እየገባን በጓሮ እንወጣለን። በበዓሉ ዕለት በፊት ለፊት መጥተን፣ ያን ቤት በዓይናችን አይተነው እንደማናውቅ ሆነን እናጨበጭባለን። ሕፃናቱም መርፌ ምን እንደሆነ እንደማያውቁ ሆነው ያለቅሳሉ፤ ማስጠናት አያስፈልጋቸውም። የገበያነሽም መጥሪያ ይነሣላት፤ እሷ የተቀጣችው ይበቃታል።

ክቡርነትዎ ጾሙን በሰላም ፈጽመው፣ ከቤተሰብዎ ጋር ያለ ሳል፣ ያለ ትኩሳት፣ ያለ ጭንቀት ለትንሣኤው እንዲደርሱ፣ በቀጣዩም ዘመን በርካታ በሮችን አሳሽገው በርካታ ሪባኖችን ለማሰር እንዲበቁ፣ በመላው የሰፈሩ እናቶችና በእናቶቻቸው ጀርባ ላይ ባሉት ስም እየለመንኩ፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እጅ እነሣለሁ።

የክቡርነትዎ ትዕግሥተኛ አገልጋይ፣
ገብረአምላክ፣ የፍራሽ ነጋዴ፣
ድንኳኑ ያልተመለሰለት የእድር ዕቃ ቤት ኃላፊ፣
የሚስኪ አባት

የተረሳ ነገር፦ መጥሪያውን ይዞ የሚመጣው ፖሊስ ገበያነሽን ቤቷ ሄዶ አጥቷት እንዳይመላለስ አደራ። በየማለዳው ከጤና ጣቢያው በር፣ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ያገኛታል። የምታስከትበው ሕፃን የላትም፤ ወረፋውን የያዘችው ለሚስኪ ነው።